ከዶኛ ሳቱርኒና ግድግዳ ማዶ

«ልጄ፣ በእናንተስ በኩል ግድግዳው ይንኳኳል?»

ዶኛ ሳቱርኒና ይህን ሲጠይቁኝ አፌ ዳቦ ሞልቶ ነበር። ማላመጥ አቆምኩ። ግድግዳው እንደሚንኳኳ አውቃለሁ። ማን እንደሚያንኳኳውም አውቃለሁ። ለምን እንደሆነም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እናቴ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ መሐላን የምር ነው የምትይዘው። ዳቦውን እንዳለ ዋጥኩትና አነቀኝ። ዶኛ ሳቱርኒና ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፣

«ቀስ በይ እንጂ ዴልሲ! ማን ይቀማሻል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው በሳሌ መሀል ጠፋ። እሳቸው ግን አልረሱትም፤ እኔም አልረሳሁትም።

የምንኖረው አሬኪፓ ውስጥ፣ ከወንዙ በላይ ባለ አሮጌ ታምቦ፣ በጋራ መኖሪያ ግቢ ነበር። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ረዥም ጠባብ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች፤ ሁሉም ከዚያ ከነጩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነቡ፣ ጣሪያቸው እንደ ተገለበጠ ገንዳ የጎበጠ። ያ ድንጋይ ወፍራም ነው፤ ግን ጆሮ አለው። ዶኛ ሳቱርኒና በወዲያ ሲያስነጥሱ እናቴ በወዲህ ሆና «ይማርዎ!» ትላለች። እሳቸውም «ያኑርሽ!» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ከያዙት ሥራ ቀና አይሉም።

ጊዜው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ የካቴድራሉን ግንብ በጣለ በዓመቱ ነው። ያኔ ከተማው ሁሉ ግድግዳ ያዳምጥ ነበር። አንዱ ወሬውን አቋርጦ ጣቱን ያነሣል፣ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ የጭነት መኪና መሆኑ ሲታወቅ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። ዶኛ ሳቱርኒና ከአልጋቸው በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ነበረቻቸው። ስንጥቋ ላይ ጂፕሰም ለጥፈው «ምስክሬ» ይሏታል፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጂፕሰሟ ትሰበራለች። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ በፊት ምስክራቸውን ይጎበኛሉ።

እናቴ ኔሊዳ የአልፓካ ሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው፤ ማሽኑ ሳይቆም፣ በሚሽከረከረው እንዝርት ላይ፣ ዓይን የማያያቸውን ሁለት ጫፎች በጣቶቿ ታገናኛለች። የሠራተኞቹ ማኅበር በአንድ የበዓል ቀን ወደ ተኩስ ሜዳ ሲወስዳቸው ለጨዋታ ያህል የአየር ሽጉጥ አስያዟት። አሠልጣኙ መጀመሪያ ዒላማውን፣ ቀጥሎ እጇን አየና «ነገም ነይ» አላት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡ ሴቶች የሚወዳደሩት በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ሜዳው ከከተማው ጫፍ ነው፤ ለእሷ የሚመቸውም እሑድ ብቻ። ስለዚህ ክለቡ ሽጉጡን አዋሳት፣ እሷም በነጠላ ጠቅልላ ቤት አመጣችው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ካልተለማመደች ምንም ተስፋ አልነበራትም።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ስጠይቃት «ለውድድር ነው» ብላኛለች። ለእኔ ውድድር ማለት ሩጫ ነው። ሽጉጥ ይዞ ማን ይሮጣል?

የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ከሥራ መጥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ የሚተኮሰውን የእርሳስ ፍሬ የሚይዘውን የብረት ሳጥን ከዶኛ ሳቱርኒና ጋር ከሚያዋስነን ግድግዳ ላይ አንጠለጠለችው፤ ድሮ የቅዱስ ሥዕል ይሰቀልበት በነበረው ሚስማር ላይ። በፊቱ ጥቁር ክብ ያለበት ወረቀት አደረገች። ከዚያ ከማድ ቤቱ በር ሄዳ ቆመች፤ ጎኗን ሰጥታ፣ ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ። የሽጉጡን ማንሻ ከፍታ ስትዘጋው አየሩ ውስጡ ታመቀ። የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ አጎረሰችው። እጇ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ።

ሽጉጡ እንኳ እንደ ጠርሙስ ቡሽ «ጧ» ብሎ ዝም ነው ያለው። ሳጥኑ ግን እንደ ደወል ጮኸ፤ የጎበጠው ጣሪያም ድምፁን ተቀብሎ መልሶ በላያችን ላይ ጣለው።

የታክሲ ነጂው የኤልመር ድምፅ ከግቢው መጣ።

«ኔሊዳ! ፈረስ ገዛሽ እንዴ? የብረት ጫማ የምታደርጊለት ይመስላል!»

«ድስት እያቃናሁ ነው!»

«በርቺ! ባል ብታገቢ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚሸሸው!»

እናቴ አልሳቀችም። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ዶኛ ሳቱርኒና ግድግዳ ሄደችና ጆሮዋን ለጠፈችበት። ለረዥም ጊዜ እንደዚያ ቆየች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አክስቴ ሶራይዳ ለቁርስ አዶቦ የሚባለውን የአሳማ ወጥ በማሰሮ ይዛ መጣች። እኔ ድርሻዬን በዳቦ ጠርጌ ከጨረስኩ በኋላ ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ተኛሁ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ አራት እግር ብቻ ነው። አዋቂዎች የልጅ ፊት ካላዩ ልጅ የሌለ ይመስላቸዋል።

«ዶኛ ሳቱ ሰሙ?» አለች አክስቴ።

«ገበያ ነበሩ። እግዜር አወጣኝ።»

«አንድ ቀን ቢሰሙስ?»

«ከሰሙማ አለቀላቸው።» እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስከ ቅዳሜዋ ድረስ ምንም መጠርጠር የለባቸውም። አፍነዋለሁ። እንዴት እንደማደርግ አላውቅም እንጂ አፍነዋለሁ።»

«ከቅዳሜ በኋላስ?»

«ከቅዳሜ በኋላማ አበቃ።»

አሁን እኔም ልጅ አለኝ። እኛ ስናወራ ዝም ብላ ከተቀመጠች እጠራትና «ምን ሰማሽ? ምን መሰለሽ?» እላታለሁ። «ምንም» ትለኛለች። አላምናትም። ደግሜ እጠይቃታለሁ። ባለቤቴ ልጅቷን አሰለቸሻት ይለኛል። ይሰልቻት።

ዶኛ ሳቱርኒና የአያኩቾ ተራራ ሰው ነበሩ። መንደራቸው ውስጥ አንድ ጊዜ ወታደር፣ አንድ ጊዜ ሌሎቹ፣ ሸማቂዎቹ፣ እየመጡ ሲተኩሱ፣ ከእለታት አንድ ቀን ወንድሞቻቸውን ቀብረው፣ በሩን ክፍት ትተው፣ ዶሮ ብቻ ታቅፈው ወደ አሬኪፓ ወርደዋል። እናቴ የምታፍነው እሳቸው እንዳይሰሙ ነበር፤ ለእሳቸው ብላ። እኔ ይህን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። የማውቀው፣ ለአዲስ ዓመት ርችት ሲተኮስ ዶኛ ሳቱርኒና ከጠረጴዛ ሥር እንደሚገቡ ነው። ከእኔ ጋር ድብብቆሽ የሚጫወቱ እየመሰለኝ ተከትያቸው እገባ ነበር። ጉንጬን ደረታቸው ላይ አድርጌ ልባቸው ሲሮጥ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

እናቴ ማፈኑን ተያያዘችው። መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቀች፤ ደወልነቱ ቀረ፣ ግን አሁንም ይጮህ ነበር። ጨርቁን አውጥታ ጋዜጣ ሞከረች፤ ፍሬው ወረቀቱን በስቶ ብረቱን አገኘው። ከዚያ ከፋብሪካው የተጣለ የሱፍ ብናኝ በኪሷ፣ በጡት መያዣዋ፣ በምሳ ዕቃዋ እያደረገች ማምጣት ጀመረች። እኔ እየፈለፈልኩ እሷ በቡጢ እየጠቀጠቀች ሳጥኑን ሞላነው። የፊት በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለች፣ በላዩ ሌላ ደረበችበት። ወለሉ ላይ የራሴን ፍራሽ አነጠፈች። አንድ ነገር ሳይሆንላት ሲቀር ከንፈሯን ነክሳ ትንሽ ትቀመጥና «እሺ» ትላለች፤ ተነሥታ ሌላ ትሞክራለች። ያቺን «እሺ» አሁን ሳስባት ደስ ትለኛለች። ያኔ ታስፈራኝ ነበር።

ምክንያቱም ፍሬ የማታጎርስባቸው ቀኖች ነበሩ። ዒላማውን ታወርዳለች፣ ሳጥኑን ታነሣለች፣ ባዶው ነጭ ግድግዳ ላይ ታነጣጥራለች። እጇ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይቆማል፤ ቃታዋ «ጠቅ» ትላለች። ደግሞ እንደገና።

«እማዬ፣ ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምንን ነው የምትተኩሺው?»

«ምንም እንዳላይ ነው የምለማመደው። አታናግሪኝ፣ ትንፋሼን ትበትኚዋለሽ።»

የዓለም ተኳሾች ሁሉ በባዶ ግድግዳ ላይ እንደሚለማመዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። ዓይን ዒላማ ከሌለው እጅ ራሱን ያያል ይላሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ማንም ሰው በባዶ ነገር ላይ ሽጉጥ እንደማያነጣጥር ታውቃለች። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ የዶኛ ሳቱርኒና አልጋ አለ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምተኛበት፣ የበቆሎ ዱቄት የሚሸት አልጋ።

ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። መጠርጠር የለባቸውም። ከሰሙ አለቀላቸው። ቅዳሜ ያበቃል።

ሳጥኑ በሱፍ ከሞላ በኋላ በእኛ በኩል ድምፅ ጠፋ። እናቴ በደስታ አቀፈችኝ። በወዲያ በኩል ግን ግድግዳው መንኳኳት የጀመረው ያኔ ነው። አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ሳጥኑ ከባድ ሆኗል፣ በተመታ ቁጥር ሚስማሩ ላይ ይወዛወዝና ጀርባው ድንጋዩን ይነካል። ቀላል ንክኪ ናት። ግን ያ ድንጋይ ንክኪን አይረሳም፤ ይዞ ይሄዳል። ዶኛ ሳቱርኒና ዘንድ የሚደርሰው «ዱም» ሆኖ ነው። ጥርት ያለ ነገር ቢሰሙ ኖሮ ጎረቤት ድስት ጣለች ይሉ ነበር። «ዱም» ግን በዚያ ዓመት፣ በዚያ ከተማ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ከግድግዳው ራቅ ብለው ተቀምጠው ሲያዳምጡ አያቸው ነበር። ምስክራቸው አልተሰበረችም፤ ሆኖም አያምኗትም። «ዝም ትላለች እንጂ ታውቃለች» ይላሉ።

እኔ ምን እንደማደርግ ወሰንኩ። እናቴ በር ዘግታ ብርድ ልብሶቹን ስታወርድ እኔ ዶኛ ሳቱርኒና ቤት ነበርኩ፤ ትንፋሽዋን እንዳልበትንባት ወደዚያ ትልከኛለች። አልጋው ላይ ወጣሁ፣ ጀርባዬን በግድግዳው ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ። በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ካለ መጀመሪያ እኔን ያገኛል። እናቴ ደግሞ እኔን አትመታም፤ በዚህ እርግጠኛ ነበርኩ። «ዱም» ሲል በሁለቱ ትከሻዎቼ መካከል ይሰማኛል። ዓይኔን እጨፍናለሁ። አልነሣም።

ቀን በቀን እንዲህ አደረግኩ። ዶኛ ሳቱርኒና መጀመሪያ «ልጅቷ ድንጋዩ ይቀዘቅዛታል» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ይመለከቱኝ ጀመር። ልክ ከመንኳኳቱ በፊት ዓይኔን እንደምጨፍን አዩ። የሽጉጡ ማንሻ ሲዘጋ ጆሮዬ ይለየው ስለነበር ነው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው ያዩት። በእነሱ ዘንድ መሬት ሊንቀጠቀጥ ሲል ቀድመው የሚያውቁት ውሻ፣ ጊንጥና ልጅ ናቸው።

ሐሙስ ቀን አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀው።

«ዴልሲ፣ ምን ይሰማሻል?»

ጀርባዬን ይበልጥ ወደ ግድግዳው ለጠፍኩ።

«ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

መሐላዬ ስለ ሽጉጡ ነው። ስለ አልጋው ግን አልማልኩም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬው ነበር።

«አልጋዎን ከዚህ ግድግዳ ያርቁ።»

ፊታቸው ነጣ። «ለምን?»

«አልናገርም።»

«መቼ?»

«እስከ ቅዳሜ።»

አልጮኹም። ተነሥተው ነጠላቸውን ለበሱ፣ ዶሯቸውን ከጓዳ አወጡ፣ የጫማቸውን ክር ለሩጫ አጥብቀው አሰሩ። ከዚያ ግቢው መሀል ወጥተው ለውሃ የተሰለፉትን ሴቶች በዝቅታ አናገሯቸው።

በማግስቱ አርብ እናቴ ከፋብሪካ ስትመለስ ታምቦው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር። ፍራሽ በፍራሽ ላይ፣ ቴሌቪዥን ብርድ ልብስ ለብሶ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ጠባቂው የቅዱስ ኤሚግዲዮ ሥዕል ወንበር ላይ ተቀምጦ። የታምቦው ኃላፊ ዶን ሲክስቶ ቢጫ የሠራተኛ ባርኔጣውን ደፍቶ ወዲህ ወዲያ ይላል።

«ከግድግዳ ራቁ! ዕቃ ለማምጣት አንድ አንድ ሰው ብቻ ይግባ!»

«ዶን ሲክስቶ፣ ያ ባርኔጣ ለአንድ ጠጠር እንጂ ለቤቱ ሁሉ ይበቃል?» አለ ኤልመር ፍራሽ ላይ ተጋድሞ።

«አንተ ሳቅ! ያኔም ስትስቅ ነው ሱሪህን ሳትታጠቅ የሮጥከው!»

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ከሥራ አብራት የመጣችው አክስቴም ከኋላዋ ቆመች።

«ምንድን ነው?»

«ልጅሽ ናት» አለ ዶን ሲክስቶ፣ ድምፁን አክብዶ። «ይህች ልጅ ተሰምቷታል። ግድግዳው እስከ ቅዳሜ ነው ብላለች።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የዶኛ ሳቱርኒናን ቀሚስ ይዤ ነበር። ዓይኗን ሳየው እንደገባት አወቅሁ፤ ሁሉም ሳይሆን ግማሹ።

አክስቴ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ የተናገረችውን ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷ ነግራኛለች። «ተያቸው! እዚያው ይቀመጡ። ቤቱ ሁሉ ባዶ ነው፣ የሚሰማሽ የለም። ውድድሩ ነገ ነው፤ እስኪበቃሽ ተኩሺ። ነገ ማታ ምንም ሳይሆን ሲቀር ይገባሉ።»

እውነቷን ነበር። እናቴ ከዚያ ወር ሁሉ የተሻለ ዕድል በእጇ ላይ ወድቆላት ነበር። ዶኛ ሳቱርኒና ጓዛቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ዶሮዋን ታቅፈው፣ ዓይናቸው የውጭው በር ላይ። ወደ ማጄስ፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ፣ ድንጋይ ወደሌለበት አሸዋ አገር እንደሚሄዱ ለሁሉም ተናግረዋል። እናቴ አየቻቸው። ከንፈሯን ነከሰች።

«እሺ» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም። «ዶኛ ሳቱ፣ ይነሡ። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ላሳይዎ።»

እሳቸው ሲነሡ ቀሚሳቸውን በሁለት እጄ ጎተትኩ።

«አይግቡ! አይግቡ፣ ትገድልዎታለች!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ኤልመር እንኳ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ማናት የምትገድለኝ?» አሉ ዶኛ ሳቱርኒና።

«እማዬ። በግድግዳው ውስጥ። ነገ።»

እናቴ መጥታ ከፊቴ በርከክ አለች። የምትመታኝ መሰለኝ። አገጬን ይዛ ፊቴን እንደ ተበጠሰ ክር አጠገቧ አቀረበችው።

«ይህን ይዘሽ ነው ስትተኚ የከረምሽው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ግንባሬን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በአንድ እጇ እኔን፣ በአንድ እጇ ዶኛ ሳቱርኒናን ይዛ ገባች።

ብርድ ልብሶቹን ገለጠች። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዶኛ ሳቱርኒና ገና ሲያዩት በሩን ጨብጠው ቀሩ። ዶሮዋ በብብታቸው ሥር ተጨንቃ ጮኸች።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው። ወረቀት ነው የሚበሳው፣ ሰው አይነካም። ነገ ውድድር አለብኝ። እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው የደበቅሁት። ተኩስ... ያንን ሁሉ እንዳላስታውስዎ ብዬ።»

«በምንድን ነው ያፈንሽው?»

«በሱፍ።»

ዶኛ ሳቱርኒና ሳጥኑን አዩ፣ ሚስማሩን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ።

«አንቺ ሞኝ» አሉ። «ተኩስማ አውቃለሁ። ተኩስ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፣ ወዴት እንደሚሮጥም ይታወቃል። ከድንጋይ ወዴት ይሮጣል? ወር ሙሉ በራሴ ላይ ድንጋይ ስትጥዪብኝ ከረምሽ እኮ!»

በጣታቸው ሳጥኑን አመለከቱ።

«በይ ተኩሺው። እኔ በወዲያ ልሁን።»

ወጥተው ሄዱ። እኛ ጠበቅን። ድምፃቸው በድንጋዩ ውስጥ መጣ። «እጄን አድርጌበታለሁ! ተኩሺ!»

እናቴ ተኮሰች።

«እሱ ነው!» ብለው ጮኹ። «እሱ ራሱ! የኔን ዕንቅልፍ የበላው!»

እናቴ ሳጥኑን ከሚስማሩ አወረደችው። ጀርባው ድንጋዩን እየነካ ነጭ ዱቄት ተቀብቷል። በእጇ ጠረገችው። ሳጥኑን ከግድግዳው አርቃ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ከሥሩ ትራሷን አደረገች፣ የወንበሩን እግሮች ፍራሹ ላይ አቆመች። ወደ ማድ ቤቱ በር ተመለሰች። ተኮሰች። ደገመች። ሠለሰች።

«ኔሊዳ! ምን ትጠብቂያለሽ? ተኩሺ እንጂ!»

«ሦስቴ ተኮስኩ!»

«መቼ?»

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅሁ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ። ከግቢው የሰሙት ሁሉ ተቀበሉን።

ዶን ሲክስቶ ብቻ አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ በራችን ላይ ቆመ።

«ታምቦ ውስጥ ሽጉጥ?»

«የአየር ነው፣ ዶን ሲክስቶ።»

«የአየርም ይሁን የውሃ ሽጉጥ ሽጉጥ ነው። ሕጉን ታውቂያለሽ። ባለ ቤቱ ቢሰማ የምባረረው እኔ ነኝ። ይኼን ሁሉ ሰው ከነፍራሹ አስወጥቼ... ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ አንቺ ትወጫለሽ።»

«ለዝንብ የማይበቃ ነገር ነው፣ ተዋት» አለ ኤልመር።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

እናቴ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ሰዓት የተጠየቀች ይመስል፣

«እንግዲያው እኔ እወጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ ተወዳደረች። ሦስት ሴቶች ተመረጡ፤ እሷ አራተኛ ወጣች። እኔ በአውቶቡሱ ውስጥ ጭኗ ላይ ተቀምጬ ስመለስ፣ ስላልገደለች ያዘነች መስሎኝ ላጽናናት ሞከርኩ። «ገና ነው» አለችኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። በቀጣዩ ዓመት አንደኛ ወጥታ ተመርጣለች፤ ያን ቀን ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ዶን ሲክስቶም ተጸጽቶ ኖሮ በሩ ላይ ጠብቆን፣

«አልተመረጥሽም አሉ። በቃ ሽጉጡን መልሽላቸውና አርፈሽ ኑሪ። ማንም አይነካሽም» አላት።

«ገና አልጨረስኩም፣ ዶን ሲክስቶ።»

ከከተማው በስተሰሜን፣ ኮረብታው ላይ፣ ግማሽ የተሠራ የጡብ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አገኘች። ከነፋስና ከውሾች በቀር ጎረቤት የለም። ዶኛ ሳቱርኒናን አብረውን እንዲሄዱ ለመነቻቸው። እኔም ለመንኳቸው፤ ከእሳቸው ጋር ካልሆነ አልሄድም ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ድንጋይ የለም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ አልጋዎ ከመስኮቱ አጠገብ ይሆናል አልኳቸው። እሳቸው ወደ ማጄስ መሄዱንም ትተውት ነበር። ጓዛቸውን ፈትተው፣ አልጋቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው አስጠግተዋል።

«አይ ልጄ» አሉኝ፣ ከመሬት እያነሡኝ። «በተኩስ ምክንያት አንድ ጊዜ ቤቴን ለቅቄያለሁ። ሁለተኛ አልለቅም።»

ለረዥም ዓመታት ይህን ንግግራቸውን እንደ ቁጣ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ጥፋተኞች እኛ መስሎኝ፣ በእኔ የተቆጡ መስሎኝ። ልጅ ወልጄ፣ ብዙ ቤት ለቅቄ ነው የገባኝ። አልተቆጡም ነበር። ስለ ራሳቸው ነበር የሚናገሩት።

ኤልመር ፍራሻችንን በታክሲው ጣሪያ ላይ አሰረልን። እናቴ የፊት ወንበር ላይ፣ በነጠላ የተጠቀለለውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔና እናቴ ሄድን። ዶኛ ሳቱርኒና ቀሩ።